የእንግሊዝኛ ፈታኝ የሆንኩበት ቀን

እኔ የታሰርኩት ሰው የሞተ መስሎኝ ነው።

ያን ቀን ጠዋት ከቤቴ የወጣሁት የዓይን ጠብታ ላመጣ ነበር። ቤቴ እዚህ እስራኤል አገር፣ አሽቀሎን ከተማ፣ ግቫት ጺዮን ሠፈር ነው፤ ክሊኒኩ ሌላ ሠፈር፣ አቲቆት። ልጄ ሁልጊዜ «አውቶቡስ ያዢ» ይለኛል። እኔ ግን በእግሬ ስሄድ ነው ደስ የሚለኝ፤ ሰው አያለሁ፣ ባሕሩ ይሸተኛል፣ በየሰው ግቢ ምን እንደተተከለ እመለከታለሁ። እንዲህ ስል መንገድ እስታለሁ። ያን ቀንም ስቼ፣ ከአሽቀሎን የሚያስወጣው ትልቁ መንገድ ላይ፣ የትራፊክ መብራቱ ጋ ደረስኩ።

እዚያ የኛ ሰዎች፣ ከኢትዮጵያ የመጡት ቤተ እስራኤሎች፣ አስፋልቱ ላይ ተቀምጠዋል። መኪናው ሁሉ ቆሟል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው መሬት ላይ ቁጭ ብለዋል፤ አንዳንዶቹ ያለቅሳሉ፤ ብዙዎቹ ፎቶግራፍ ከፍ አድርገው ይዘዋል። እንግዲህ ይኼን ያየ ሰው ሌላ ምን ያስባል? በኛ ወግ እንዲህ ከፍ ተደርጎ የሚለቀስበት የሞተ ሰው ፎቶ ነው። ፎቶው ደግሞ ብዙ ነው። ምን ዓይነት አደጋ ነው ይኼን ሁሉ ሰው የጨረሰው አልኩ።

ለቅሶ ላይ የደረሰ ሰው ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም። መጀመሪያ ያለቅሳል፤ የሟቹን ነገር ቀስ ብሎ ይሰማል። እኔም አንዲት ወጣት ልጅ አጠገብ ተቀመጥኩ። ልጅቷ የያዘችው ፎቶ የአንዲት ትልቅ ሴት ነበር፤ ግንባሯ ሰፊ፣ አንገቷ ዙሪያውን የተነቀሰ። ፊቷን እያየሁ አለቀስኩላት። ደረቴን መታሁ። ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝና ተወችኝ። ኋላ እንደነገረችኝ፣ የራሴን ሰው አስታውሼ መስሏት ነው።

ከዚያ በድምፅ ማጉያ በዕብራይስጥ ብዙ ተባለ። እኔ የማውቀው ዕብራይስጥ ለገበያና ለሐኪም የሚሆነውን ነው፤ ይኼ የገበያም የሐኪምም አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ ሁለት ሴት ፖሊሶች ብብቴን ይዘው አነሱኝ። በቀስታ ነው ያነሱኝ፤ የሌለ ነገር አልናገርም። በለቅሶ ላይ አብዝታ ያለቀሰችን ሴት እንዲህ ደግፎ የሚያነሳት ዘመድ ነው። «ተዉኝ፣ ገና አልወጣልኝም» አልኳቸው። አልገባቸውም። መኪና ውስጥ አስገቡኝ፤ ልጅቷንም ከኋላዬ። ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ፎቶዋንና ቦርሳዋን ወሰዱባት። ሌሎቹን ወደ ሌላ ክፍል ወሰዷቸው፤ እኔንና እሷን ግን ዘመዳሞች መስለናቸው አንድ ላይ አስገቡን።

ክፍሉ እስከ ወገቡ ሰማያዊ፣ ከዚያ በላይ ነጭ ነው። ወለሉ ላይ በብሎን የታሰረ የብረት አግዳሚ አለ። ፊት ለፊቱ የብረት በር፣ በሩ ላይ መዳፍ የምታህል መስኮት። ወለሉ በበረኪና ታጥቧል፤ ሽታው ዓይኔን አቃጠለኝ። ከላይ ቀዝቃዛ አየር የሚነፋ ነገር አለ። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ እኛ ውስጥ እንንቀጠቀጣለን።

ተዘግቶ መቀመጥ ለኛ ዘመን ሴቶች እንግዳ አይደለም። አገር ቤት ሳለን የወር አበባ ሲመጣ ከቤት ወጥተን የመርገም ጎጆ እንገባ ነበር። ዙሪያውን ድንጋይ ይደረደራል፤ ምግቡን ከድንጋዩ ወዲያ ሆነው ያቀብሉናል፤ ማንም አይነካንም። እና ፖሊሷ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦና እንቁላል በሩ ሥር አኑራ ስትሄድ፣ ሳላስበው ወደዚያ ዘመን ሄድኩ። ልዩነቱ፣ ጎጆ ስንገባ ለምን እንደገባን እናውቅ ነበር።

ትንሽ እንደቆየን ጠሩን። መኮንኑ ፀጉሩ የሸበተ፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ ሰው ነው። እሱ በዕብራይስጥ ይጠይቃል፣ ልጅቷ ታስተረጉምልኛለች።

«መንገድ ላይ ተቀመጡ ብሎ የነገራችሁ ማን ነው?»

«ለለቅሶ ማን ይጠራል?» አልኩ ወለሉን እያየሁ።

ልጅቷ ይኼን አልተረጎመችውም። እሷም ወለሉን ነው የምታየው። ሁለታችን አንድ የጠፋ ነገር የምንፈልግ እንመስል ነበር። መኮንኑ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ቀስ ብሎ ተናገረ። ያለው ይኼን ነበር፤ «ሁለታችሁም አታዩኝም። ዓይኑን የሚያሸሽ ሰው የሚደብቀው ነገር አለ። ነገ ጠዋት ዳኛው ፊት ትቀርባላችሁ።»

ነገ ጠዋት ሲል ልጅቷ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ወደ ክፍሉ ስንመለስ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እማማ» አለች፤ «ለቅሶ መስሎዎት ነው የመጡት?»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ሰልፍ ነው። ፎቶው ላይ ያሉት ሁሉ በሕይወት አሉ። ጎንደር የቀሩ ዘመዶቻችን ናቸው፤ አምጡልን ብለን ነው የተቀመጥነው።»

«ያቺ አንገቷ የተነቀሰው?»

«አያቴ ናት። እኛ ስንመጣ ቀረች። በቀደም በስልክ አውርተናል።»

ደነገጥኩ። በሕይወት ላለ ሰው ደረት መምታት በኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። «ውይ ልጄ፣ በቁሟ አለቀስኩባት» አልኩ።

«እሷ ብትሰማ ትስቃለች» አለችና ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተቆርጦ ልቅሶ ሆነ። ለአያቷ መስሎኝ ላጽናናት ስል ራሷን ነቀነቀች።

«ነገ ጠዋት ቴል አቪቭ ሚቭኻን አለብኝ። የእንግሊዝኛ ፈተና።»

«እንግሊዝኛ ለምን?»

«እንግሊዝ አገር ሄጄ እንድማር። ዩኒቨርሲቲው ቦታ ሰጥቶኛል፤ ግን ይኼን ፈተና ካለፍኩ ነው። ነገ ካልደረስኩ ቦታው ለሌላ ሰው ይሄዳል።»

እኔ እንግዲህ ግራ የገባኝ ሰው ነኝ፤ ይኼ ደግሞ ጭራሽ ግራ አጋባኝ። «ቆይ ልጄ። አያትሽ ወደዚህ ለመግባት እዚያ ይጠብቃሉ፤ አንቺ ደግሞ ከዚህ ልትወጪ ነው?»

«ለመመለስ ነው የምወጣው።»

«ምን ልትማሪ?»

«ስለ ውሃ።»

«ውሃ ደግሞ ትምህርት አለው?»

«አለው እንጂ። የባሕሩን ጨው አውጥቶ የሚጠጣ ማድረግ። እዚሁ አሽቀሎን ይሠራል እኮ። ሻይ የሚያፈሉት በእሱ ነው።»

ይኼን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ባሕሩን ስጠጣ ኖሬያለሁ ማለት ነው።

«አንድ ጊዜ ወድቄያለሁ» አለች ቀጥላ። «ማንበቡ፣ መጻፉ ጥሩ ነው። የጣለኝ መናገሩ ነው።»

«አታውቂውም?»

«አውቀዋለሁ። ፈታኙ ፈረንጅ ሽማግሌ ነው። ፊት ለፊት ይቀመጣል። ስለ አንድ ጉዞ ተናገሪ ይላል፤ ዓይን ዓይኑን እያዩ፣ ሁለት ደቂቃ ሳያቋርጡ መናገር ነው። እኔ ሽማግሌ መሆኑን ሳይ አንገቴ በራሱ ጊዜ ጎንበስ አለ። አጠር አድርጌ መለስኩለትና ዝም አልኩ።»

«ታዲያ ደግ አደረግሽ።»

«እሱ ግን አታውቅም ብሎ ጻፈብኝ።»

«አጭር የመለሰ ይወድቃል?»

«ይወድቃል።»

«ብዙ የለፈለፈ ያልፋል?»

«ያልፋል እማማ።»

«እንግዲያ የጣለሽ ያሳደገሽ ሰው ነው» አልኳት።

መጽሐፏ ቦርሳዋ ውስጥ ቀርቷል። ከበሩ እስከ ግድግዳው ትመላለሳለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሳያት ውዬ አላስቻለኝም።

«ነይ፣ እኔን ፈታኝ አድርጊኝ።»

«እርስዎ እንግሊዝኛ አያውቁም።»

«እሱ አማርኛ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ተካክለናል።»

ከፊቴ ቆመች። ፈተናው ቁጭ ብሎ አይደል ወይ ብዬ አስቀመጥኳት። ጫማዋን እያየች፣ እንደ ጸሎት ዝቅ ባለ ድምፅ ጥቂት ቃል አለችና ዝም አለች።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

እኔ ሰዓት ማየት አላውቅም። ይኼ ሁለት ደቂቃ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ።

እንደገና ጀመረች። እኔ ደግሞ ሰው ሲያወራ ዝም ብዬ መስማት አይሆንልኝም፤ እኛ እንደምናደርገው ትንፋሼን ወደ ውስጥ እየሳብኩ አዎ፣ አዎ እላለሁ። «እማማ፣ ፈታኝ እንደዚያ አያደርግም» አለችኝ። «እርስዎ ሲስማሙልኝ ነገሩ ያለቀ ይመስለኛል።» አፌን በነጠላዬ ጫፍ ያዝኩ።

«እስቲ ለግድግዳው ንገሪው።»

ወደ ሰማያዊው ግድግዳ ዞረች። ያን ጊዜ ንግግሩ መጣ። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ሆነ፤ እጇ ሁሉ ይንቀሳቀሳል። ጎንደር ስትል ሰማሁ፣ አዲስ አበባ ስትል ሰማሁ፤ የቀረው የሷና የግድግዳው ነው።

«ለግድግዳውማ አታፍሪም።»

«ግድግዳው ትልቅ ሰው አይደለም» አለች። ቀጥላም፣ «ደግሞ በእንግሊዝኛ እርስዎ የሚባል የለም። ሁሉም ሰው አንተ፣ አንቺ ነው።»

«ንግሥታቸውንም?»

«ንግሥታቸውንም።»

«ምስኪን» አልኩ።

ከዚያ ነጠላዬን ከራሴ አውርጄ ትከሻዬ ላይ ጣልኩት። ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም፤ ፈታኝ ነጠላ የሚከናነብ አልመሰለኝም።

«አሁን እኔ እማማ አይደለሁም» አልኳት። «አንቺ በይኝ። ዓይኔን እዪኝ። ይኼን አያትሽ ነበሩ የሚፈቅዱልሽ፤ እሳቸው ስለሌሉ እኔ ፈቅጄልሻለሁ።»

«የትኛውን ልይ?» አለች። አንዱ ዓይኔ ሞራ ለብሷል።

«ደህናውን።»

ቀና አለች። ወጣት ልጅ እንዲያ ትክ ብላ አይታኝ አታውቅም። የልጅ ልጆቼ ሲያናግሩኝ ቴሌቪዥኑን ነው የሚያዩት። ለሷ ብቻ የከበደ መስሎኝ ነበር፤ ለኔም ከበደኝ። ዓይኔ ወደ መሬት ልሂድ፣ ልሂድ ይለኛል። ከብዙ ዘመን በፊት ወደ ሱዳን በሚወስደው መንገድ ላይ ተይዤ ጎንደር ታስሬ ነበር። እዚያ ጠያቂውን ቀና ብሎ ያየ ሰው ወደ ክፍሉ ሲመለስ በእግሩ አይመለስም፤ ይዘውት ነው የሚመጡት። ከዚያ ወዲህ ማንንም ባለሥልጣን ከደረቱ በላይ አይቼ አላውቅም። ይኼን ለልጅቷ አልነገርኳትም። ደህናውን ዓይኔን ከፍቼ ያዝኩላት።

ተናገረች። መሃል ላይ ተደናቀፈች፤ እኔ አልነቀነቅኩም፣ አዎ አላልኩም። ራሷ ተነስታ ቀጠለች። እንደገና አስጀመርኳት፣ እንደገና። ፖሊሷ በትንሿ መስኮት ብቅ አለች፤ አንዲት አሮጊትና አንዲት ልጅ ተፋጠው አንዷ በእንግሊዝኛ ስታወራ አየችና ግራ ገብቷት ሄደች።

ፀሐይ ዘወር ሲል እንደገና ጠሩን። ያው መኮንን፣ ያው ጥያቄ። «መንገድ ላይ ተቀመጡ ያለው ማን ነው?»

አንገቴ ጎንበስ ሊል ሲል አጠገቤ ያለችው ልጅ ትዝ አለችኝ። ሙሉ ቀን እዪኝ፣ እዪኝ ስላት ውዬ እኔ ወለል ባይ ምን ትለኛለች? ቀና አልኩ። መኮንኑ ዓይኑ አረንጓዴ መሆኑን ያኔ ነው ያወቅኩት። በአማርኛ ጀመርኩለት።

«ማንም አልነገረኝም። እኛ ዘንድ ሰው መሬት ተቀምጦ፣ ፎቶ ይዞ ሲያለቅስ ካየን ሄደን እንቀመጣለን። የአንተም እናት ብትሆን ሳልጠራ እመጣ ነበር። ድሮ ጎንደርም አስረውኝ ማን ነው የነገረሽ ብለውኛል። ኢየሩሳሌም ብለሽ እንድትነሺ የነገረሽ ማን ነው፤ ጥያቄው ይኼ ነበር። መሬት መሬት እያየሁ ዝም አልኩ፣ ብዙ ወር ተቀመጥኩ። አሁን ያቺው አገር ገብቼ ጥያቄው ያው ሆነብኝ፤ ግራ ገብቶኛል። ይቺ ልጅ ቀና ብላ ያላየችህ ስለምትደብቅህ አይደለም፤ ትልቅ ሰው ስለሆንክ ነው። ነገ ፈተና አላት። እኔ ነገ ምንም የለኝም። ለዳኛው ሰው ካስፈለገህ እኔ እቀመጥልሃለሁ፤ መቀመጥ አውቃለሁ። እሷን ልቀቃት።»

ሌላም ብዙ አልኩ። ስለ ዓይን ጠብታው ሁሉ ነገርኩት። መሃል ላይ ሊያስቆመኝ እጁን አነሳ፤ ሳያቋርጡ ነው ብላኛለችና አላቋረጥኩም። ስጨርስ ትንፋሽ አጥሮኝ ነበር።

መኮንኑ ወደ ልጅቷ ዞረ። «ምን አለች?»

ልጅቷ ቀና አለች። ዓይን ዓይኑን እያየች በዕብራይስጥ ነገረችው። የተናገረችው እኔ ከተናገርኩት ረዘመብኝ፤ ምን እንደጨመረችበት አልነገረችኝም።

መኮንኑ ተነስቶ ወጣ። ቆይቶ ተመለሰና አጭር ነገር ተናገረ።

«ሂጂ አለኝ» አለች ልጅቷ። «እርስዎን ግን ዘመድ መጥቶ እስኪወስድዎት ይቆዩ ይላል። ብቻዎን መንገድ ላይ አልለቅም ይላል።»

ከመውጣቷ በፊት እንደ ወጋችን ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። አገጯን ይዤ መለስኳት።

«ዛሬ አይሆንም። እስከ ነገ ጠዋት ለማንም እንዳታጎነብሺ፤ ይጠፋብሻል።»

ቀጥ ብላ ወጣች። ቦርሳዋን ተቀበለች፤ የአያቷን ፎቶ በብብቷ ያዘች።

እኔ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ተሰጠኝ። በላስቲክ ኩባያ ሻይ አመጡልኝ፤ ባሕሩ ትዝ እያለኝ ጠጣሁት። እስረኛ ልሁን እንግዳ አላወቅኩም። ልጄ የሚኖረው ራማት ኤሽኮል የሚባለው ሠፈር ነው፤ ከፋብሪካ ወጥቶ፣ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ እየሮጠ መጣ።

«እማዬ፣ ጠብታ ልታመጪ አልነበር እንዴ የወጣሽው?»

«አላመጣሁም» አልኩት።

ልጅቷ ሰው አጠያይቃ ስልክ ቁጥሬን አገኘችና አንድ ቀን ደወለችልኝ። አለፍኩ እማማ፣ አለች። ከዚያ ሄደች። ዳኛ ፊት ማንም አላቀረበኝ፤ ለምን እንደያዙኝ፣ ለምን እንደለቀቁኝ የነገረኝም የለም። ፊደል የለየሁት እዚህ አገር፣ ካረጀሁ በኋላ ነው፤ ይኼን ስጽፍ እንኳ ነገሩ ከየት ጀምሮ የት እንዳለቀ አይገባኝም። ያን ሁሉ ሰዓት ዓይኔን እያየች በእንግሊዝኛ የነገረችኝም ስለ የትኛው ጉዞ እንደሆነ አላውቅም። እኔ የምጠረጥረው አለኝ፤ አልጠየቅኳትም።

በቅርቡ እዚህ ሠፈር፣ ከዛፉ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ አንዲት አዲስ የመጣች ሴት ተቀምጣ አገኘሁ። ግንባሯ ሰፊ ነው። አንገቷ ዙሪያውን ተነቅሷል። ቆሜ ቀረሁ።

«ምነው እህቴ፣ አፈጠጥሽብኝ?» አለችኝ።

አልቅሼልሻለሁ አይባል። «ከሰው መስለሽኝ ነው» ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ወሬ ጀመርን። የልጅ ልጇ እንግሊዝ አገር እንደምትማር፣ ለበዓሉ እንደምትመጣ ነገረችኝ። ስትለያት ከቀሚሷ ሥር የምትደበቅ ትንሽ ልጅ ነበረች።

«አውቃታለሁ» አልኳት።

እጄን ያዘችኝ። «እውነት? እንዴት ያለች ልጅ ሆነች?»

«ዓይን ዓይን እያየች፣ ሳታቋርጥ የምትናገር።»

እጄን ለቀቀችና ጉንጯን ያዘች። «ውይ፣ በሞትኩት። ማን ነው እንዲህ ያባለጋት?»

«እኔ ነኝ» አልኳት።